የዳዊት ገና፣ የናስር ዐረፋ

ከሀዋሳ የወጣነው በዐረፋ ዋዜማ ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ «ኧረ ምን ነክቷችሁ! በዓሉን እንኳ ውላችሁ አትሄዱም ነበር?» ይለኛል። የማያውቅ ሰው ቢል አልፈርድበትም። እናንተ ሀዋሳ ያላችሁት ግን ታውቁታላችሁ፤ የዐረፋ ሰሞን ከቦረና በሬና ፍየል የጫኑ ኤንትሬ የጭነት መኪኖች እየመጡ ያራግፋሉ፣ ሲመሽ ባዷቸውን ወደ ያቤሎ ይመለሳሉ። ባዶ የከብት መኪና ማን ይፈትሻል? የኬላው ጠባቂ እንኳ አፍንጫውን ይዞ «እለፍ፣ እለፍ!» ነው የሚለው። ይህን ያሰበችው እናቴ ናት። የጨርቅ ሱቃችን አዲስ ከተማ ገበያው አጠገብ ስለነበር የሾፌሮቹን መግቢያና መውጫ አሳምራ ታውቀዋለች።

እኔ ዘይነባ እባላለሁ። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የምንወጣው ግን ለእኔ ብለን አልነበረም፣ ለታናሽ ወንድሜ ለናስር ብለን ነው። ናስር በዚያ ዓመት ድንገት ተመዘዘ። ቀበሌው ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ ሲያፍስ ዕድሜ ብሎ ነገር አይጠይቅም፣ ቁመት ነው የሚያየው። ከሰፈራችን ኳስ ሲጫወቱ የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ናስር ወደ ሐይቁ ለመዋኘት ሲወጣ ቆማ ነበር የምትጠብቀው።

ልንወጣ ስንል ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ልጇን ዳዊትን በእጇ ይዛ ገባች። ዳዊትም እንደ ናስር ረዝሟል፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጠዋል።

«ዘይኑ» አለችኝ፣ «ሁለቱን ያሳደግሻቸው አንቺ ነሽ። አንዱን ይዘሽ አንዱን ለነዚህ ትተሽልኝ ልትሄጂ ነው?»

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት እናቴ «ሦስት ይሆናሉ፣ አለቀ» አለች። የሾፌሩን ብር ከየት እንደጨመረች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ስለ ሁለቱ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ ጉድ ያፈላብን እሱ ነው። እትዬ በለጡ ዳዊትን የወለደችው በገና ቀን ነው። በሳምንቱ ዐረፋ ሆነ፣ የዚያኑ ዕለት እናቴ ናስርን ወለደች። ዐረፋ በገናና በጥምቀት መካከል የዋለበት ዓመት ነበር እንግዲህ። ሁለት አራስ በአንድ አጥር፤ ገንፎው በአጥሩ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲል፣ የናቴ ጡት ሲዘገይባት ናስርን ቀድማ ያጠባችው እትዬ በለጡ ናት። ስለዚህ ልጆቹ የጡት ወንድማማቾች ናቸው። ከዚያ በኋላ እናቴ የናስርን ዕድሜ በዐረፋ፣ እትዬ በለጡ የዳዊትን በገና ስትቆጥር ኖሩ። ይህ ነገር ሀዋሳ ውስጥ አንድም ሰው ገርሞት አያውቅም።

ምን ይገርማል? እኛ ቤት ሦስት ዘመን ነበር የሚቆጠረው። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ጨርቅ የሚያስመጣው በበዓል ነበር። እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ገና ቀናቸውን ስለማይለቁ ችግር የለባቸውም፤ ፋሲካ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ዒድና ዐረፋ ጨረቃዋን ተከትለው በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚቀድሙ ዘንድሮ በበጋ የነበረው በዓል ከዓመታት በኋላ ክረምት ውስጥ ይገባል። የሲዳማዎቹን ዘመን መለወጫ ፍቼን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሰማይ አይተው ቀኑን እስኪቆርጡ ድረስ ማንም አያውቀውም። አባቴ ከቱላ የሲዳማ ገበያተኛ በመጣ ቁጥር «ወሬ አለ?» ይል ነበር። የሁሉንም በዓል ቀን የማያውቅ ነጋዴ ሀዋሳ ውስጥ ጨርቁን ታቅፎ ይቀራል። እኔ በዚህ እኮራለሁ፣ ለምን አልኮራም? ስንት የተማረ ሰው አንዱን የቀን አቆጣጠር እንኳ በቅጡ ሳይዝ!

በዚያ ምሽት መኪናው ላይ ልንወጣ ስንል እናቴ ናስርን አቅፋ «ነገ አሥራ ሰባት ትሞላለህ፣ የትም ሁን የትም የበዓሉን ተክቢራ እንዳትረሳ» አለችው። እትዬ በለጡ የዳዊትን አንገት ስማ ዞረች። እኛም ፍየል በወረደበት ጭድ ላይ ተኛን።

የመንገዱን ነገር አላበዛባችሁም። ዲላን በጨለማ አለፍን፣ ያቤሎ በዓሉን በርሃብ ዋልን፣ ሞያሌን በእግራችን ተሻገርን። ናስር ያቤሎ ውስጥ ከአንድ ግንብ ጥግ ቆሞ ቀስ ብሎ ተክቢራ ሲል አይቼው ፊቴን አዞርኩ። ናይሮቢ ስንደርስ ከላያችን የሚወጣው ሽታ የኬንያን ፖሊስ እንኳ የሚያሸሽ ነበር።

ናይሮቢ ኢስሊ የሚባል ሰፈር ገባን። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ሥራ አገኘሁ፤ ልጆቹ ገበያ ውስጥ የሰው ዕቃ ሲሸከሙ ውለው ይመለሳሉ። ምግባቸው ኡጋሊ የሚባል የበቆሎ ገንፎ ነው፤ እጅ ላይ ስታድቦለቡሉት ቆጮ ይመስላል፣ አፋችሁ ሲገባ ግን «ምነው ባልነካሁት» ያሰኛል። ዓሣቸውም አለ፣ ግን የኛን ሐይቅ ዓሣ የለመደ ምላስ እንዴት ብሎ! ብርዱስ? «አፍሪካ ሞቃት ነው» ያለው ሰው ሐምሌ ላይ ናይሮቢን አላያትም።

አከራያችን ማማ ንጄሪ የምትባል ደግ ግን ወሬኛ ሴት ነበረች። ዳዊት ገናን ሲያከብር መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምንድነው በዓሉ?»

«ገና ነው፣ ክሪስማስ» አልኳት በተሰባበረ ስዋሂሊ።

«ክሪስማስማ አለፈ! የት ነበራችሁ?»

«የኛ ዛሬ ነው።»

«ምስኪን» አለችና ሄደች፤ ዘግይተን የሰማን መስሏት ነው። ቆይቶ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጠሙ። እኔና ናስር ቀን አንበላም፣ ዳዊት ሥጋና ወተት አይነካም። ማማ ንጄሪ በቀትር የሥጋ ወጥ ይዛ መጥታ ሦስታችንም እጃችንን ስናወዛውዝ አየች።

«እዚህ ቤት ሰው በርሃብ ቢሞት ፖሊስ የሚይዘው እኔን ነው!» ብላ ጮኸች። ማታ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ምግብ ስንሻማ አይታ ይባስ ግራ ገባት። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። በዚያ ዓመት የነሱም የኛም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። ማማ ንጄሪ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዳዊትን አፈጠጠችበት።

«ገናን ዘግይተህ፣ ፋሲካን በሰዓቱ? አንተ ልጅ፣ ሃይማኖትህን ቁርጡን ንገረኝ!»

ዳዊት «ገና በፀሐይ ነው፣ ፋሲካ ጨረቃም ይገባበታል» ለማለት ሞከረ። «ጨረቃ» የሚለውን ስትሰማ እንደ ጠንቋይ አየችውና የቤት ኪራዩን በጊዜ እንድንከፍል አሳስባን ወጣች። ያን ለት እንደሳቅን ከሀዋሳ ከወጣን ስቀን አናውቅም። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም።

ለስደተኞች ቢሮ አመልክተን ነበር። ካናዳ የሚወስደን መዝገብ በእኔ ስም ነው፤ ሁለቱ ልጆች ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት በታች ስለሆነ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ። አሥራ ስምንት የሞላው ግን ለብቻው እንደ አዲስ ያመለክታል፣ ተራው እስኪደርስ በረሃ ካምፕ ይቀመጣል። ሕጉ ይኸው ነው። የተጠራነው ዐረፋ ካለፈ በኋላ ነበር። ቃለ መጠይቁ ለየብቻ ነው፤ መጀመሪያ ናስር፣ ቀጥሎ ዳዊት፣ በመጨረሻ እኔ። የጠየቀን ሚስተር ኮሊንስ የሚባል ቀጭን ፈረንጅ ነው። አስተርጓሚው ጋልጋሎ ከኬንያው ሞያሌ የመጣ ቦረና ነው፤ አማርኛው ከኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«እነዚህ ልጆች በምን ያህል ይበላለጣሉ?» አለኝ ሚስተር ኮሊንስ።

«በሳምንት።»

«ታላቁ ማን ነው?»

«ዳዊት ነዋ።»

ወረቀቶቹን እያፈራረቀ አየ። «ታላቁ አሥራ ሰባት ነኝ ብሏል። ታናሹ አሥራ ስምንት ነኝ ብሏል።»

ናስር ደረቱን ነፍቶ «አሥራ ስምንት፣ ባለፈው ዐረፋ ሞላሁ» ብሏላ! አልዋሸም። ዐረፋ በየዓመቱ እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ከመንፈቁ ሳለ አሥራ ስምንት ዐረፋ አልፎበታል።

«ስለዚህ ዳዊት ካንቺ ጋር ይሄዳል» አለ ሚስተር ኮሊንስ፣ «ናስር ይቀራል።»

«የጎረቤት ልጅ ይዤ ሄጄ የእናቴን ልጅ በረሃ ልጥል?»

«አሥራ ስምንት ያለው እሱ ነው።»

«እሱ ምን ያውቃል! ልጅ አይደለም እንዴ!»

«እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልጅ ከሆነ የልደት ወረቀቱን በሳምንት ውስጥ አምጪ።»

የልደት ወረቀት! ሳቄም ልቅሶዬም እኩል መጣ። የኛ ሰፈር የልደት ወረቀት የእናቶች አፍ ነው።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላህ ያውቃል። ናስርን ቁጭ አድርጌ «በፀሐይ ሲቆጠር አሥራ ሰባት ነህ፣ ስትጠየቅ እንደዚያ በል» ብለው ፊቱን ቀይሮ ተነሳ።

«በእማ ቆጠራ አሥራ ስምንት ነኝ።»

«እማ የቆጠረችው በዐረፋ ነው።»

«እና እማ ውሸታም ናት? ፈረንጅ ፊት ቆሜ እናቴ ውሸታም ናት ልበል? ወላሂ አልልም! በረሃውን ውሰዱኝ!»

ዳዊት ሊያግባባው ሲገባ ተደባደቡ። ማማ ንጄሪ ባልዲ ውሃ ይዛ መጥታ ነው የለያየቻቸው። እኔ ተናደድኩበት፣ በሆዴ ግን ኮራሁበት። እናቱን የሚያህል ነገር ከወረቀት ጋር አልለውጥም የሚል ልጅ ነው። ግን እኮ ይህ ኩራቱ ካምፕ ሊያስቀረው ነው፤ እማን ምን እላታለሁ? «ካፈሳ አውጥተሽ የላክሽውን ልጅ በረሃ ጥዬልሽ ካናዳ ገባሁ» ልበላት?

በቀጠሮው ቀን ሦስታችንንም አንድ ክፍል አስገቡን። እኔ ነገሩን ላስረዳ ጀመርኩ። የኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው፣ የኛ ዘመን ከናንተ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው፣ የጨረቃው ደግሞ ሌላ ነው፣ የሲዳማው ደግሞ... እያልኩ ስንደረደር ጋልጋሎ እጁን አነሳ።

«እህቴ፣ ቀስ በዪ። እኔም ጠፋሁ።»

ሚስተር ኮሊንስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ዳዊት ከጎን ናስርን ጎነጠው።

«አየህ? እኔን ታላቅህን ብትሰማ ኖሮ።»

«ምን ታላቅ አለህ! አንተ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ ስምንት!»

«በሳምንት ቀድሜ ተወልጄ? ጡቱን ያጋራሁህ እኔ ነኝ እኮ!»

«እትዬ በለጡ ናት ያጠባችኝ፣ አንተ ምን አጋራህ!»

«ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሚስተር ኮሊንስ ግን «አይ፣ አይ፣ ተዪያቸው፣ ምን ይላሉ?» አለ። ጋልጋሎ እየሳቀ አንድ ባንድ ነገረው። ፈረንጁ ወደ ናስር ዞረ።

«አንተ ስንት ዐረፋ?»

«አሥራ ስምንት።»

«አንተስ ስንት ገና?»

«አሥራ ሰባት» አለ ዳዊት።

«ከተወለዳችሁ ጀምሮ? በአንድ ሳምንት ልዩነት?»

«አዎ!» አሉ ሁለቱም፣ እርስ በርስ እየተገላመጡ።

ሚስተር ኮሊንስ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የሱቅ ካላንደር አወረደ። የናይሮቢ ካላንደር የእስላሙንም የክርስቲያኑንም በዓል ያወጣል። የዘንድሮውን ዐረፋ አየ፣ የአምናውን ካላንደር ከመሳቢያ ፈልጎ ያንንም አየ። ከዚያ እየጻፈ ወደ ኋላ መቁጠር ያዘ። በመሃሉ «ፋሲካ የኛም በጨረቃ እኮ ነው የሚወጣው፣ አያቴ በየዓመቱ ትጨቃጨቅበት ነበር» አለ። ይህን አላውቅም ነበር። የፈረንጅ በዓል ሁሉ በሰዓትና በማሽን የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ።

ቆጥሮ ቆጥሮ ከገናና ከጥምቀት መካከል ደረሰ። እስክሪብቶውን ጣለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ሁለቱም እውነታቸውን ነው» አለ።

ናስር ወደ ጋልጋሎ ተጠጋ። «እማ አልዋሸችም ማለት ነው?»

ጋልጋሎ ተረጎመለት። ሚስተር ኮሊንስ ልጁን ትክ ብሎ አየው። «እናቱ ልክ ቆጥራለች፣ ንገረው። ይህ ቢሮ ግን የሚሠራው በፀሐይ ነው። በፀሐይ አሥራ ሰባት ነው፣ ከእህቱ ጋር ይሄዳል።»

ናስር «እሺ፣ በናንተ አሥራ ሰባት» አለ፣ ልክ ለቢሮው ውለታ እንደሚውል ሰው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ሚስተር ኮሊንስ ቅጹን ሲሞላ «ቀኑን ለሁለቱም ጃንዋሪ አንድ እናድርገው፣ ለሁሉም እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለ።

«አይሆንም» አልኩ።

ጋልጋሎ በአማርኛ «እህቴ፣ ተሳክቶልሻል፣ በአላህ ዝም በዪ» አለኝ።

«አይሆንም በለው! ጃንዋሪ አንድ እኛ ቤት ማንም አልተወለደም። አንዱ የገና ለት ነው፣ አንዱ የዐረፋ ለት። እናቶቻቸው ያማጡበትን ቀን ለምን ይቀይርብኛል? የኛ ገና በነሱ ጃንዋሪ ሰባት ነው፣ ሰባት ቀን ይጨምርበት፣ ይኸው ጃንዋሪ አሥራ አራት። ይህን መደመር ያቅተዋል?»

ጋልጋሎ የመጨረሻውን አለዝቦ የተረጎመው ይመስለኛል፣ ፈረንጁ አልተቆጣማ። ሰባት ጻፈ፣ አሥራ አራት ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው። ሌላው ቢቀር የሁለት እናቶችን ቀን ይዤ ወጥቻለሁ።

ካናዳ የገባነው ኅዳር ላይ ነው፣ ዊኒፔግ ወደሚባል ከተማ። ብርዱን በቃል ልነግራችሁ አልሞክርም፤ እንባ ሽፋሽፍት ላይ የሚደርቅበት አገር ነው። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ግን ጎረቤቴን እስካሁን ፊቱን አላየሁትም። ቋንቋ የምንማርበት ክፍል የነሱ አዲስ ዓመት እንዳለፈ አስተማሪዋ ትልቅ ኬክ ይዛ መጣች። መዝገቡን አይታ ነው፣ ከክፍሉ ግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ጃንዋሪ አንድ ተወልዷል! ሱማሌው፣ ቬትናሙ፣ የኛ ሰዎች፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ። «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብላ ስትደነቅ አንድ የደሴ ሰውዬ «እኛ አገር ሌላ ቀን መውለድ ክልክል ነበር» አላት። አመነችው መሰለኝ። ሻማውን ተሰብስበው ሲያጠፉ ናስርና ዳዊት ወንበራቸው ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠው፣ «የኛ ቀን አልደረሰም» አሉ። ኬኩን ግን በልተዋል።

በገና ለት ደወልን። ሀዋሳ ስልክ ቤት ሄደው እንዲጠብቁን አስቀድመን መልእክት ልከንላቸው ነበር። ቀኑ የልጇ ነውና መጀመሪያ የተቀበለችው እትዬ በለጡ ናት። ዳዊት «እማዬ፣ አሥራ ስምንት ሞላሁ» ሲላት እልልታዋ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ እናቴ መጣች።

«ናስርዬ፣ አንተማ ቀድመህ ሞልተሃል» አለችው።

«እማ፣ እኔ እዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የምሞላው።»

«እንዴ! ማን ነው ዓመትህን የነጠቀህ?»

ናስር ሳቀና ስልኩን ሰጠኝ። ድምጿ እየራቀ እየቀረበ ይመጣል። ላጽናናት ብዬ «እማ፣ ብዙም አልቆየን እኮ፤ ገና ዓመት ከመንፈቃችን ነው» አልኳት።

«ለማን ነው ዓመት ከመንፈቅ?»

«ለ... እዚህ ሲቆጠር።»

«የዚያን አገር ቆጠራ ተዪውና እኔን ስሚኝ። እናንተ በሄዳችሁ ማግስት አንድ ዐረፋ ያለእናንተ ዋልኩ። ዘንድሮም ዋልኩ። ሁለት ነው፣ ዘይኑ። ሦስተኛው ደግሞ እየቀደመ ነው የሚመጣው፣ ታውቂዋለሽ።»

ልጅ የሚያፍሰው መንግሥት እዚያው አለ፣ ቀበሌው እዚያው አለ፣ የናስር ቁመት ይባስ ጨምሯል።

«ሦስተኛውን ያለእናንተ አታስቆጥሩኝ» አለች።

ናስር ጆሮውን ከጆሮዬ ጋር አጣብቆ ይሰማ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወሰደና «እሺ፣ እማ» አላት። እሺ ያላት እሱ ነው፤ እኔ አልቻልኩም።